የዮፍታሔ ዋስ

እኛ ጣቢያ ጠዋት የሚጀምረው በመስታወት ነው። ጸሐይዋ ሳትከፋ ዩኒፎርማችንን ለብሰን በሩ ላይ እንሰለፋለን፤ አንድ በአንድ መስታወቱ ፊት ቆመን ዓይናችንን እንከፍታለን። አረንጓዴ ከበራ ገብተን ሥራ እንጀምራለን። ቢጫ ከበራ ያ ሰው ፖሊስ መሆኑ እዚያው ያበቃል። ዕቃውን ለመውሰድ እንኳ አያስገቡትም። ከሰዓት በኋላ ሚስቱና ልጆቹ ፍራሽ ተሸክመው ከፖሊስ ቤቶች አጥር ሲወጡ እናያለን፤ አይተን ዞር እንላለን።

ከመስታወቱ ትንሽ መለስ ብሎ መሬቱ ላይ ነጭ መስመር ተሰምሯል። የምሕረት መስመር ይባላል። ዕፅ የወሰደ ፖሊስ መስታወቱ ሳያሳጣው በፊት እዚያች መስመር ላይ ቆሞ «አለብኝ» ካለ አይባረርም። ሕጉ የወጣ ቀን ጣቢያው በእልልታ ነው የተናጋው። ምን ያዋሸኛል፣ እኔም እልል ብያለሁ። ስንቱን ጓደኛችንን በቢጫ ሸኝተን ስናበቃ የመጣ ሕግ ነበር።

ዮፍታሔ መስመሩ ላይ የቆመ ቀን ከኋላው ነበርኩ። የጫማውን ክር ሊያስር የቆመ መሰለኝና ጀርባውን ገፋ አድርጌ፣ «ኧረ ሂድ ወዲያ፣ ቆመን ልንጠበስ ነው እንዴ?» አልኩት። አልሄደም። ዞሮም አላየኝም።

«አለብኝ» አለ። ስም ሲጠራ «አቤት» እንደሚል ሰው፣ ቀጥ ባለ ድምፅ።

እኔ ሳጅን ሀሴት ነኝ። እናቴ ይሄን ስም ያወጣችልኝ ምን ታይቷት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ዮፍታሔ የቅኝት ጓደኛዬ ነው፤ ስንት ዘመን በአንድ መኪና ዞረናል፣ በአንድ ሳህን በልተናል፣ ተጣልተን በሬዲዮ ብቻ ስንነጋገር ሰንብተናል። ልጄን ናሆምን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው። አበልጄ ነው እንግዲህ። ከቤቴ ሰው ማንን ትወጃለሽ ብትሉኝ ናሆምን እላለሁ፤ ከዚያ ቀጥሎ ዝም ብዬ ዮፍታሔን ነው የማስበው።

የነበረበት ጤዛ ነው። ጤዛ ዓይን ውስጥ የሚንጠባጠብ ነገር ነው፤ አንዲት ጠብታ ትበቃለች። የዋልክበትን አያስረሳህም። ራስህ ያየኸውን ነገር ሌላ ሰው አይቶ ያወራልህ ያስመስለዋል፣ በቃ። ከወደቡ ጫኝና አውራጅ እስከ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ያልሞከረው የለም፤ ሱቅ ውስጥ ከማስቲካው ጎን ተቀምጦ ይሸጣል። ለፖሊስ ብቻ ነው ክልክሉ።

ለምን ጀመረ ብላችሁ አትጠይቁኝ ማለት አልችልም፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። የእኛ ሥራ ከመኪና ሲወርዱ አያልቅም። ደረታችን ላይ ያለው ዓይን ቀኑን ሙሉ የቀዳውን፣ ማታ ማያ ቤት ቁጭ ብለን ደግመን እናየዋለን። ይሄ ደም ነው፣ ይሄ ቀለም ነው፤ ይሄ እየሳቀ ነው፣ ይሄ እያለቀሰ ነው፤ ይሄ ተኝቷል፣ ይሄ ሞቷል እያልን ምልክት እናደርጋለን። ማሽኑ እንዲማር ነው አሉን። ያልገባው ነገር ካለ ይመልሰዋል። «ግልጽ አይደለም፤ ድጋሚ ይታይ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፣ ያቺው ነገር እንደገና ትጀምራለች።

ከተማችን ደረቅ ወደብ ናት። የፖሊስና የወደብ ሠራተኛ ቤቶች ግንብ ናቸው፣ ከመሬት በታች ማቀዝቀዣ አላቸው። የቀረው ሰው ኮንቴይነር ሰፈር ነው የሚኖረው፤ ዕቃ ተራግፎላቸው የቀሩ ኮንቴይነሮች ላይ መስኮት ቆርጦ፣ መጋረጃ ሰቅሎ። መብራት እስካለ ድረስ ይኖራል። ባለፈው በጋ መብራት የጠፋ ቀን፣ በጥላ ሰዓት፣ ማለት እኩለ ቀን ላይ ሳይረኑ ጮሆ ሰው ሁሉ በሚሸሸግበት ሰዓት፣ አንዲት ሴትዮ ጎረቤቶቼ ዝም አሉብኝ ብላ ደወለች። ሄድን። እኔ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ላይ ነበርኩ። በሩን የከፈተው ዮፍታሔ ነው።

እናትየው አንሶላ ውሃ ነክራ ልጆቿን አልብሳቸው ነበር። አንሶላው ደርቋል። ዮፍታሔ ጫፉን ያዘና ገለጠው። እኔ ይሄን የማውቀው ነግሮኝ ነው፣ አላየሁም። እሱ ግን ማታ ማያ ቤት ተቀምጦ ደግሞ አየው፤ ምልክት አደረገ፤ ማሽኑ መለሰበት። የሞቱት ልጆች የተኙ ነው የሚመስሉት፣ ማሽኑ አልገባውም። «ግልጽ አይደለም፤ ድጋሚ ይታይ።» በነጋታውም መለሰበት። ሳምንቱን ሙሉ ያንን በር ሲከፍት፣ ያንን አንሶላ ሲገልጥ አመሸ። ከዚያ አንድ ቀን ከማስቲካው ጎን ያለችውን ትንሽ ብልቃጥ ገዛ። እኔ ብሆን የመጀመሪያው ማታ ነበር የምገዛው።

«አለብኝ» ባለ ጠዋት ባንዲራ ስንሰቅል ኮማንደር አቤኔዘር ፊታችን ቆመ። የምሕረቱን ሕግ ያረቀቀው እሱ ነው። ደግ ሰው ነው። ይሄን የምለው ነገሩ በክፉ ሰው የተሠራ እንዳይመስላችሁ ነው፤ የታመመ ፖሊስ ቤት ፍራፍሬ ይዞ የሚሄድ፣ የልጆቻችንን ስም የሚያውቅ ሰው ነው።

«ወንድማችን ዮፍታሔ ራሱን ገልጧል» አለ። «ይሄ ድፍረት ነው፤ እናከብረዋለን። ዋሱ ማነው?»

ዋስ እኛ አገር ድሮም ያለ ነገር ነው። ሥራ ለመግባት ዋስ፣ ከእስር ለመውጣት ዋስ። ኮማንደሩም ከዚያ ነው የወሰደው፤ ሰው ብቻውን አይድንም፣ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል ብሎ። ባንዲራው ተሰቅሎ እስኪያልቅ እጁን የሚያወጣ ካልተገኘ፣ ያመነው ሰው ይሰናበታል።

ባንዲራው ሽቅብ መሄድ ጀመረ። እኔ ዙሪያዬን አየሁ። የጫማ ምርመራ ያለ ይመስል ሁሉም ሰው ጫማውን ያያል! አልፈርድባቸውም፤ ዋስ መሆን ምን እንደሚያስከፍል እናውቃለን። ዮፍታሔ ግን ጫማውን አላየም። ባንዲራውን ነው ያየው፤ ከፍ ባለ ቁጥር አንገቱ አብሮ ከፍ ይላል።  እጄን አወጣሁ።

«አንቺ ሞኝ» አለኝ በኋላ፣ አንገታችን ላይ ክሩን ሲያስሩልን። «ማን ግቢ አለሽ?»

«ዝም በል። ሌላ የቅኝት ጓደኛ ማላመድ ደክሞኝ ነው» አልኩት።

ክሩ ጥቁርና ቀጭን ነው። የመንግሥት ስሙ ረጅም ነው፤ እኛ ማተብ እንለዋለን። የእሱ ማተብ ደሙን ያነባል። የእኔ የእሱን ያዳምጣል፤ ጤዛ ከነካ አንገቴን ያቃጥለኛል፣ ሁለታችንም እንሰናበታለን። ይሄ አላስፈራኝም። ዮፍታሔ አልነካም ካለ አይነካም፤ ግትር ነው፣ ካለው ቃል ንቅንቅ የማይል ዓይነት ግትር።

መሣሪያውን አስረከበና ቀላል ሥራ ተሰጠው። ያመነ ሰው መንገድ አይወጣም፤ ጸሐይ እንዳይመታው፣ ጠብ ውስጥ እንዳይገባ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ እንዲያገግም ነው ሕጉ የሚለው። ጣቢያችን ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ አንድ ብቻ ነው። ማያ ቤት። ማታ የራሱን ብቻ ያይ የነበረ ሰው፣ አሁን ከጠዋት እስከ ማታ የሁላችንንም ማየት ጀመረ።

የነገሩት ቀን ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፣ ሆዱን ይዞ። እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ሕክምናው ደግሞ እንዲህ ነው። ማታ ከሥራ ስንወጣ ሁለታችን መስታወቱ ፊት ጎን ለጎን እንቆማለን። ዋሱ «እንዴት ዋልክ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያመነው ሰው ይመልሳል፤ ማተቡ ይሰማል። ደህና ነኝ ካለ ደህና ነው። ደህና አይደለሁም ካለ በዚያው ሰዓት አምቡላንስ መጥቶ የፖሊስ ሐኪም ቤት ይወስደዋል፤ ማያ ቤትን ዳግመኛ አያየውም። ዋሱ ግን አልጠበቀውም ማለት ነውና ይታገዳል፤ ቤቱንም ያስረክባል። ዋሶች ሥራቸውን በቸልታ እንዳያዩት ነው አሉ።

አሁን እስቲ በሞቴ፣ በዚህ አገር እንዴት ዋልክ ተብሎ ደህና አይደለሁም ያለ ሰው አይታችኋል? አባቱን ቀብሮ የመጣ ሰው እንኳ መጀመሪያ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። እውነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቁጭ ተብሎ፣ ውሃ ተጠጥቶ፣ «ምን እባክሽ፣ ይኸውልሽ…» ተብሎ ሲጀመር። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ደህና ነኝ ማለት በሩን ማንኳኳት እንጂ መግባት አይደለም። ኮማንደሩም ያውቀዋል፣ እዚሁ ያደገ ሰው ነው። ግን ሕጉን ሲጽፍ ማን ትዝ አለው? ማሽኑ ያቺን የመጀመሪያዋን ሰምቶ ይዘጋል።

«እንዴት ዋልክ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?»

ማታ ማታ እንዲህ ተባብለን እንወጣለን። መጀመሪያ ሰሞን ከበሩ ስንወጣ ይቀልድ ነበር፤ «ዛሬ አንቺን አየሁሽ፣ የቲማቲም ነጋዴዋን ስትሳደቢ። አፍሽን ምልክት አድርጌበታለሁ» ይለኛል። በኋላ ቀልዱ ቀረ። በጥላ ሰዓት ምድር ቤት ወርደን ምሳ ስንበላ ይዞት የመጣውን እየቆረሰ ለእኔ ያጎርሰኛል እንጂ እሱ አይበላም። ዩኒፎርሙ ትከሻው ላይ የተሰቀለ መሰለ። ዓይኑን አይጨፍንም። ማለቴ፣ ሰው ሲያወራ እርግብ የሚያደርጋትን ያህል እንኳ አይጨፍንም።

ሚስቱ ብሌን አንድ ጠዋት በጓሮ በር መጣችብኝ። ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ፣ ሰው እንዳይሰማን አካባቢውን እያየች።

«ሀሴትዬ፣ አይተኛም» አለችኝ። «ይነሳና የቤቱን በር ይከፍታል፣ ያያል፣ ይዘጋዋል። እንደገና ይከፍታል። ምን ሆነሃል ስለው ደህና ነኝ ይለኛል። እኔንም!»

«እኔንም» አልኳት።

የዚያን ቀን ምድር ቤት ከሰው ራቅ አድርጌ ያዝኩት። ማተቡ እንዳይሰማን ብሎ በመዳፉ ጨብጦ ያዘው፤ እኔም የእኔን ያዝኩ። ሁለት ሰዎች አንገታቸውን አንቀው ቆመው ሲያወሩ ያየን ሰው ምን እንዳለ እንጃ።

«ንገረኝ» አልኩት።

«ምን ልንገርሽ። ዓይኔን ስከድን በሩ ጋ ነኝ። እከፍተዋለሁ። አንሶላው አለ። ድሮ የማየው እነዚያን ልጆች ነበር።»

«አሁንስ?»

 ሰው ሁሉ ሳህኑን ሲያነሳ፣ ሳይረኑ ጥላው አለቀ ብሎ ሲጮህ ጊዜ ነው የመለሰልኝ። «ተይው እስቲ አሁን» አለና ወደ ማያ ቤት ሄደ። ሲሄድ ግድግዳውን እየዳበሰ ነው።

እኔ በቀጥታ ኮማንደሩ ቢሮ ገባሁ። ከመቀመጫው ተነስቶ ተቀበለኝ፤ ውሃ ቀዳልኝ።

«ጌታዬ፣ ዮፍታሔ እየሞተብኝ ነው» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ቶሎ ብሎ ማሽኑን አየና እፎይ አለ። «አስደነገጥሽኝ እኮ። ደሙ ንጹሕ ነው። ካመነ ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልነካም። ከሁሉም የሚያኮራኝ እሱ ነው።»

«ጤዛ መች አልኩ? እንቅልፍ የለውም፣ ምግብ የለውም። ከማያ ቤት ያውጡልኝ። በር ያስጠብቁት፣ መኪና ያሳጥቡት፣ የፈለጉትን።»

«ማያ ቤት እኮ ከሁሉም ቀላሉ ሥራ ነው፣ ሀሴት። ጸሐይ የለበት፣ ድንጋይ የሚወረውር የለበት። ምኑ ይከብደዋል?» ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ኮማንደሮች ማያ ቤት አይገቡም። «ደግሞ እሱ ራሱ ምን ይላል? እስቲ እንስማው።»

ከግድግዳው የዮፍታሔ ድምፅ ወጣ። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነኝ፣ አንቺስ? ከእያንዳንዱ ፊት የእኔ ድምፅ አለ፣ እንዴት ዋልክ፣ እንዴት ዋልክ እያለ። ኮማንደሩ ራሱን እየነቀነቀ በፈገግታ ሰማ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

«ይሄማ አፍ ነው ጌታዬ! ይሄ ሰላምታ ነው!»

«ሀሴት፣ ሰው ደህና ነኝ እያለ አይደለህም ልለው አልችልም። ሰው እንዳይናቅ ብዬ ነው እንዲህ የጻፍኩት፤ ድሮ አለቃ ነበር ለሰው የሚናገርለት። አሁን የእሱ ቃል ነው የሚከበረው።»

«እሺ ዋስትናዬን ላውርድ?»

«ካወረድሽ ዋስ የሌለው ሰው ይሆናል፤ ይሰናበታል። የተሰናበተ ሰው ሐኪም ቤታችን አይቀበለውም።» እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ራሱ ይበለው። አንዲት ቃል ናት። ደህና አይደለሁም ይበል፤ እኔ ራሴ አምቡላንሱ ላይ አወጣዋለሁ። አንቺ ትታገጃለሽ፣ ያ ሕግ ነው፤ እሱ ግን ይድናል።»

«ልታገዳ! ማን ፈራ?» ብዬው ወጣሁ።

በማግስቱ በጥላ ሰዓት እንደገና አንገታችንን ይዘን ተቀመጥን።

«ዛሬ ማታ ትላታለህ» አልኩት።

«ናሆምስ?»

«ናሆም ምን ይሆናል? ጎረምሳ ነው። እህቴ ጋ እንገባለን።»

«እህትሽ የት ነው ያለችው?»

የት እንዳለች ያውቃል። ኮንቴይነር ሰፈር ነው ያለችው፤ ዕቃዋን ያመላለሰላት እሱ ነው።

«ሀሴት» አለኝ፣ «አሁን ማንን ታያለህ ብለሽኝ ነበር። አንሶላውን ስገልጠው ናሆምን ነው። ሁልጊዜ ናሆምን ነው። እና አንቺ አሁን በእጅህ ኮንቴይነር አስገባው ትይኛለሽ?»

 ተቆጣሁ፤ ሲጨንቀኝ እቆጣለሁ፣ አመሌ ነው። «ስማ፣ መብራት በየቀኑ አይጠፋም! ስንት ሺህ ሰው ይኖርበታል፣ የእኔ ልጅ ከማን ይበልጣል? አንተ ብትሞት ናሆም ምን ይለኛል? ብሌንስ? በናሆም ይዤሃለሁ፣ ዛሬ ትላታለህ።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ፣ በዚያ በማይከደነው ዓይኑ። ከዚያ የድሮውን ፈገግ አለልኝ።

«እሺ» አለ። «እሺ አልኩሽ። አትጨቅጭቂኝ።»

ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ መኪና ውስጥ ብቻዬን ዕቃዬን በልቤ ስሸክፍ ዋልኩ፤ የትኛውን ለእህቴ እሰጣለሁ፣ የትኛውን እሸጣለሁ እያልኩ። ማራገቢያ ከየት እንደምገዛ ሁሉ አሰብኩ። አመሻሽ ላይ መስታወቱ ፊት ቆምን። ተረኛው ዘበኛ በሩን ከፍቶ ይጠብቀናል። ከኋላችን የሚወጡ ሰዎች ተሰልፈዋል።

«እንዴት ዋልክ?» አልኩት።

 መስታወቱ ውስጥ ሁለታችንም እንታያለን። እኔን አየኝ፤ ከእኔ ትከሻ በላይ ደግሞ ሩቅ የሆነ ነገር አየ። ከንፈሩ ተከፈተ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። «አንቺስ፣ እንዴት ዋልሽ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

አፌ ነው ያለው! እኔ አይደለሁም፣ አፌ ነው። ሊወድቅ የደረሰ ሰው አጠገብ ቆሜ፣ ልጄን ይዤ ልወጣ ዕቃዬን ሸክፌ፣ ሲጠይቀኝ ደህና አልኩ። እሱም ሰማኝና ራሱን ነቀነቀ፣ አየሽ ቀላል እንዳልሆነ እንደሚል ዓይነት። በሩ ላይ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወደ ቤቱ ሄደ።

በነጋታው የጥላ ሰዓት ሳይረን ጮኸ። ሁሉም ምድር ቤት ወረደ። ምሳዬን ፊቴ አድርጌ ጠበቅኩት፤ ልሰድበው ያሰብኩት ስድብ ብዙ ነበር። ሳይመጣ ሲቀር ወጣሁ።

ማያ ቤት ቀዝቃዛና ጨለማ ነው። ወንበሩ ላይ ነበር፤ ራሱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ። ዓይኑ በመጨረሻ ተከድኗል። ፊት ለፊቱ ማሽኑ አንድ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድሞ ያሳያል፤ ከሥሩ «ተኝቷል? ሞቷል?» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል። ምልክት እስኪደረግለት ይጠብቃል።

«ዮፍታሔ» አልኩት ቀስ ብዬ። የተኛ ነው የመሰለኝ። እሰይ፣ ተኛ ብዬ ነበር፣ እንዳልቀሰቅሰው ፈርቼ። እጁን ስነካው ነው ያወቅኩት። ማተቤን ነካሁት፤ ምንም አላለም፤ ደሙ ንጹሕ ነውና።

ልቡ ነው ያለው ሐኪሙ። ደክሟል አለ።

ማታ እኔም እንደ ማንም ሰው የቀኑን ማየት ነበረብኝ። ማያ ቤት ገባሁ፤ ወንበሩን አልቀየሩትም። ደረቴ ላይ ያለው ዓይን የቀዳውን አወጣው፤ በሩን ስከፍት፣ ወንበሩን፣ ራሱን ዘንበል ያደረገውን ሰው። «ተኝቷል? ሞቷል?» አለኝ። በጣቴ ሞቷል የሚለውን ነካሁ። ማሽኑ ትንሽ አሰበ።

«ግልጽ አይደለም፤ ድጋሚ ይታይ» አለ። በሩን እንደገና ከፈትኩ።

ለቅሶው ላይ ኮማንደሩ አለቀሰ። ድንኳኑ ውስጥ ተነስቶ ተናገረ፤ «ወንድማችን ዮፍታሔ ንጹሕ ሆኖ ነው የተለየን። አምኖ፣ ታግሎ፣ አሸንፎ። ማያ ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ በስሙ ይጠራል» አለ። ሰዉ ተነካ። ብሌን መሬት መሬት እያየች ተቀምጣለች። ለእኔም በሰው ፊት ክሩን ከአንገቴ ፈቱልኝና ዋስትናሽን በክብር ፈጽመሻል አሉኝ። አንገቴ ላይ ጥቁር ምልክት ቀርቷል። ናሆም ድንኳኑ ጥግ ቆሞ ሲያየኝ አየሁት፤ ዛሬም የምናድረው በግንቡ ቤት፣ በማቀዝቀዣው ውስጥ ነው።

ስወጣ ብሌን አጠገብ ተንበረከክሁ። ምን ይባላል? እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኳት። አንገቴን ይዛ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ለአንቺ ነግሮሽ ነበር?» አለችኝ። «ደህና አለመሆኑን፣ ለአንቺ እንኳ ነግሮሽ ነበር?»

«ነግሮኛል» አልኳት። «ይኸውልሽ…» ብዬ ጀመርኩና ተሸንፌ አለቀስኩ። እሷም አብራኝ አለቀሰች።

የሐዘን ፈቃዱ አልቆ የተመለስኩ ጠዋት ሰልፉ ረጅም ነበር። ጸሐይዋ ከወዲሁ ከፍታለች። ተራዬ ሲደርስ ነጩ መስመር ላይ ቆምኩ። ተረኛው ዘበኛ ትልቅ ሰው ነው፣ ጨዋ ነው፤ ቀና ብሎ ሰላም አለኝ።

«እንዴት አደሩ፣ ሳጅን? እንኳን ደህና ተመለሱ።»

አፌ ሊቀድመኝ ሲል ያዝኩት። ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት።

«ደህና አይደለሁም» አልኩ።

ሰውየው ግራ ገባው። እዚያ መስመር ላይ እስከ ዛሬ የሚባለው አለብኝ ነው። መስታወቱን አየ፣ እኔን አየ። በሩቁም አንብቦኝ አረንጓዴ በርቷል።

«ንጹሕ ነዎት እኮ፣ ሳጅን» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይለፉ።»

«አየሁት» አልኩት። «ንጹሕ ነኝ። ደህና አይደለሁም።»

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ኮማንደሩ መስኮት ድረስ እንዲሰማ። ከዚያ ቆምኩ። ከኋላዬ ሰልፉ ቆመ። ጸሐይዋ ማጅራቴን፣ ክሩ የነበረበትን ቦታ መታችኝ። ማንም ገፋ አላደረገኝም፤ ማንም ኧረ ሂጂ ወዲያ አላለኝም።